«ኢትዮጵያ» የተባለችውን የጦር መርከብ በ1፡200 መሥራት፦ ሐዋሳ ላይ በሚገኝ ዕቃ፣ ከባዶ ተነስቶ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ስሟም «ኢትዮጵያ» ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ስም ነበራት። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል በዋሽንግተን ግዛት ሠርተው «ኦርካ» ብለው ሰየሟት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ሥራ ጀመረች። ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር፤ ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታሳድራለች። በፊሊፒንስ ዘመቻም ተሳትፋለች። እ.ኤ.አ. በ1962 ለኛ ተሰጠች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ምጽዋን ቤቷ አድርጋ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለብረቷ ተሸጠች።

ዛሬ ሄዶ የሚነካት ሰው የለም። ያለው ፎቶና ፕላን ነው። በነሱ ብቻ ግን ጥሩ ሞዴል ይወጣል።

ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል በሳጥን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ዋጋውና ቀረጡ ያስመርራል እንጂ። ደግሞ ገበያውን የያዙት የጀርመኗ ቢስማርክና የጃፓኗ ያማቶ ናቸው። የራሳችንን መርከብ የፈለገ ሰው ምላጭና ካርቶን ይዞ መቀመጥ አለበት።

ዓመቱን መጀመሪያ ቁረጡ

መርከቧ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆይታለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ መድፍ ተነቅሏል፣ አንቴና ተጨምሯል፣ ቀለም ተቀይሯል። የ1944ቱን መድፍ ከ1965 ራዳር ጋር ከቀላቀላችሁ፣ በየትኛውም ቀን ያልነበረች መርከብ ሠራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ምላጭ ከመንካታችሁ በፊት ወስኑ፤ የጦርነቷ ኦርካ ናት ወይስ የምጽዋዋ ኢትዮጵያ?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በኛ ዘመን የነበራት ባለ 5 ኢንች መድፍ አንድ ብቻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን የዚህ ዓይነት መርከቦች ትጥቅ ከዓመት ዓመት፣ ከመርከብ መርከብ ይለያይ ነበር። ከኋላ በኩል የባሕር አውሮፕላን የሚያነሳ ትልቅ ክሬን አለ። እናንተ በመረጣችሁት ዓመት አለ ወይስ ተነስቷል? ይህን የሚመልሰው ፎቶ ብቻ ነው።

የፎቶ ፍለጋውን በእንግሊዝኛ ስሟ (Orca) ጀምሩ፤ ቁጥሯ ኤቪፒ-49 (AVP-49) ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክ ክፍል የድሮ ፎቶዎችን በነፃ ያስወርዳል። የመርከቧ ዓይነት «ባርኔጋት» ይባላል። ከሠላሳ በላይ እህቶች ነበሯት፣ ከነሱም 18ቱ በኋላ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተሰጥተዋል። ስለዚህ የእህቶቿ ፎቶ ሞልቷል። ግን ተጠንቀቁ። የእህቷን ፎቶ ለቀፎዋ (ለመርከቧ አካል) እና ለትልልቆቹ ክፍሎች ተጠቀሙበት። መድፍ፣ ራዳርና ጀልባን በተመለከተ ግን የራሷን ፎቶ ብቻ እመኑ።

ለእያንዳንዱ የመርከቧ ክፍል አንድ የደብተር ገጽ ስጡ። ፎቶውን ለጥፉ፣ ሥሩ ዓመቱን ጻፉ። ዓመቱ የማይታወቅ ፎቶ ለብቻው ይቀመጥ።

ለምን 1፡200?

እውነተኛዋ መርከብ 94.7 ሜትር ትረዝማለች፣ 12.5 ሜትር ትሰፋለች፣ 4.1 ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ ትጠልቃለች። በ1፡200፣ ማለትም 200 ጊዜ አሳንሰን ስናሰላ፣ ርዝመቷ 47.35 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 6.25፣ የምትጠልቀው ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1፡350 ብትሠሯት 27 ሴንቲ ነው፤ ሰው የሚያክለው 5 ሚሊ ይሆንና በእጅ የተሠራ ዝርዝር ይጠፋል። በ1፡100 ደግሞ አንድ ሜትር ሊሞላት ምንም አይቀራት። ሳሎኑን ትይዛለች፣ የመስታወት ሳጥኗም ኪስ ይጎዳል።

አሁኑኑ ከካርቶን አንድ ሰው ቁረጡ። ቁመቱ 8.5 ሚሊ ይሁን፤ በዚህ መጠን 1.70 ሜትር ማለት ነው። ይህ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ከጠረጴዛው አይነሳም። በር ስትሠሩ አጠገቡ አቁሙት። ካልገባ በሩ አጥሯል። የወለሉ ዳር አጥር ደረቱን ካለፈ አጥሩ ረዝሟል። ከማንኛውም ስሌት በፊት ስህተትን የሚይዘው እሱ ነው።

ዕቃው

ዋናው ነገር 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶና መጽሐፍ ጠራዦች የሚጠቀሙበት 2 ሚሊ ጠንካራ ካርቶን ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች የፕላስቲክ ሰሌዳ ቁርጥራጭ ይጥላሉ፤ በትህትና ከጠየቃችሁ በነፃ ይሰጧችኋል። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ የለስላሳ ቆርቆሮ፣ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ሰብስቡ። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ዘንድ የተቃጠለ ሞተር የወጣለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ከመዋቢያ ሱቅ የቅንድብ መንቀያ ግዙ፤ ከየትኛውም መቆንጠጫ ይሻላል። ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከ120 እስከ 800 ቁጥር። ገንዘብ ከተረፈ ዲጂታል ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ጨምሩበት። እኔ ከሁሉም መሣሪያ እሱን አስቀድማለሁ።

ፕላኑን ወደ ልኩ ማምጣት

ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ፕላን ሲታተም በራሱ ልክ አይወጣም። የታተመውን መርከብ ለኩ። 31 ሴንቲ ከሆነች 47.35ን ለ31 አካፍሉ፤ 1.527 ይመጣል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ 153 በመቶ ያሳድግላችሁ። የኤ3 ወረቀት ርዝመት 42 ሴንቲ ስለሆነ በሁለት ቅጠል ይወጣል። ከመከፈሉ በፊት በእርሳስ ሁለት የመስቀል ምልክት አድርጉበት፤ ስታገጣጥሙ ምልክቶቹ ይደራረቡ።

ከዚያ ስፋቱንም ለኩ። ርዝመቱ ልክ ሆኖ ስፋቱ 6.1 ከወጣ ማሽኑ አንዱን አቅጣጫ ጎትቶታል ማለት ነው። ሌላ ቤት አሳትሙ። የፎቶ ኮፒ ቤት ሐዋሳ ላይ አይጠፋም።

ቀፎው

ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ይኸው ነው። ቀፎው ከተጣመመ ከላይ የሚጨመር ምንም ነገር አያድነውም።

በመጀመሪያ የመርከቧን የጎን ቅርጽ ከኮምፔንሳቶ ቁረጡ። ይህ አከርካሪዋ ነው። የላይኛው ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር እንዳይሆን። የመርከቧ ወለል ወደ ፊት እየሄደ ሲመጣ ወደ ላይ ይነሳል፤ ያ ማዕበል እየሰነጠቀች የምትሄድ መርከብ መልኳ ነው። ኩርባውን ፕላኑ ላይ እንዳለው አስቀምጡት።

ቀጥሎ የጎድን አጥንቶቹ። ፕላኑ ላይ የመርከቧ ተሻጋሪ ቅርጾች በግማሽ ግማሽ ተስለው ታገኛላችሁ። አንዱን ግማሽ ስስ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ወረቀቱን መሃል ላይ እጠፉና ሁለቱን አንድ ላይ ቁረጡ። ግራና ቀኙ እኩል የሚሆነው በዚህ ብቻ ነው። በየ2.5 ሴንቲው አንድ አስቀምጡ። ፊትና ኋላ ላይ ቅርጹ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር እዚያ ጠበቅ አድርጉ። መሃሉ ላይ ቢሳሳ ግድ የለም።

የጎድን አጥንቱ ከሥር እስከ ግማሹ፣ አከርካሪው ከላይ እስከ ግማሹ ይሰንጠቅና ይጠላለፉ። በኮላ ለጥፉ፣ ከፊት ሆናችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። ሁሉም በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ኮላው ሳይደርቅ አስተካክሉ።

በመሃላቸው ያለውን ባዶ በፎም ሙሉ። እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሱፐር ግሉና የሚረጭ ቀለም ፎም ይበላሉ። ፎሙን በኮላ ለጥፉ፣ ከደረቀ በኋላ በካተርና በብርጭቆ ወረቀት ከጎድን አጥንቶቹ ጋር አስተካክሉት። ከዚያ ላዩን በአንድ ሴንቲ ስፋት በተቆረጠ ስስ ካርቶን አልብሱ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ሂዱ። ጫፉ ላይ ካርቶኑ ከተሸበሸበ አታስገድዱት፤ ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡት።

ከላይ ስቱኮ። የግድግዳ ስቱኮ ይሰነጠቃል። ጋራዦች የሚጠቀሙበት፣ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የመኪና ስቱኮ ይሻላል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት። በጣት አትሞርዱ፤ ጣት ጉድጓድ ይቆፍራል። 240፣ 400፣ ከዚያ ግራጫ የመነሻ ቀለም ርጩበት። ጨለማ ክፍል ግቡና የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ቀን ላይ ያልታየ ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ሞረድ። አሰልቺ ነው፤ አትዝለሉት።

ቀፎው ሲለሰልስ የብረት ሳህኖቹን መገጣጠሚያ ማሳየት ይቻላል። ቀጭን ማጣበቂያ ፕላስተር ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ አንድ እጅ ቀለም ርጩ፣ ፕላስተሩን አንሱ። የቀረው ደረጃ በዓይን እንጂ በጣት አይያዝም። የሚፈለገውም ያ ነው።

ለክብ መስኮቶቹ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ መሰርሰሪያ በእጅ እያዞራችሁ ተጠቀሙ። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካኖች በብዙ መርከቦች ላይ የቀፎውን ክብ መስኮቶች በብረት ደፍነው ነበር። የመረጣችሁት ዓመት እዚህም ይፈርዳል።

የውሃውን መስመር ለማስመር መርከቧን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። እርሳሱን በትክክለኛው ከፍታ እንጨት ላይ እሰሩና እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተታችሁ ዙሩ።

ከወለሉ በላይ፦ ሁሉም ነገር ውፍረት ነው

ብዙ ሰው ሞዴልን ዝርዝር የሚያደርገው የተለጠፈበት ዕቃ ብዛት ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። ዓይን መጀመሪያ የሚይዘው ውፍረትን ነው። የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ነው፤ በ200 ስታባዙት 15 ሴንቲ ይመጣል። የመድፍ መከለያ 15 ሴንቲ ብረት ከሆነ መርከቧ ታንክ መሰለች። ተራ የኮፒ ወረቀትና የለስላሳ ቆርቆሮ ግን 0.1 ሚሊ አካባቢ ናቸው፤ ያ 2 ሴንቲ ነው። ከእውነቱ አሁንም ይወፍራል፣ ግን ዓይን ይቀበለዋል።

ደንቡ ቀላል ነው። ጠርዙ የማይታይ ነገር ከካርድ ይሠራ፤ የክፍሎቹ ግድግዳ፣ የመሪው ክፍል ሣጥን፣ የጭስ ማውጫው ውስጥ። ጠርዙ የሚታይ ነገር ሁሉ ከቆርቆሮ ወይም በሱፐር ግሉ ከጠነከረ ወረቀት ይሁን፤ የመድፍ መከለያ፣ የመሪው ክፍል በረንዳ፣ የጭስ ማውጫው አፍ። የቆርቆሮውን ቀለም በ400 ቁጥር አንሱለት፣ አለዚያ ማጣበቂያ አይዝም። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።

በሮቹ ከወረቀት ይቆረጡ፣ ማዕዘናቸው ክብ ይበል። ማጠፊያቸው በመርፌ ጫፍ የተቀመጠ የኮላ ጠብታ ነው። አንድ ሁለቱን ከፈት አድርጋችሁ ለጥፉ። ሁሉም በሩ የተዘጋ መርከብ ሰው የሌለበት ይመስላል።

መድፎቹ

ባለ 5 ኢንቹ መድፍ አፉ 127 ሚሊ ነው፤ የአፈሙዙ ርዝመት የዚያ 38 እጥፍ። ይህ 4.83 ሜትር ሲሆን በሞዴላችን 24 ሚሊ ነው። ከፋርማሲ አዲስ የመርፌ ጫፍ ግዙ። የተጣለ መርፌ ፈጽሞ አታንሱ። ባለ ሮዝ መያዣው 18 ቁጥር ወፍራም ነው፤ ባለ አረንጓዴው 21 ቁጥር ውስጡ ይገባል። ሁለቱን አንዱን በአንዱ ስታስገቡ ከኋላ ወፍሮ ወደ ፊት የሚቀጥን አፈሙዝ ታገኛላችሁ፤ አፉም ራሱ ክፍት ነው። ለመቁረጥ በሞረድ ዙሪያውን ጭረት አድርጋችሁ ስበሩት። መነጽር አድርጉ።

ለ40 ሚሊዎቹ ፀረ አውሮፕላን መድፎች ባለ ብርቱካናማው 25 ቁጥር ይበቃል፤ ርዝመቱ 11 ሚሊ። የነበልባል መሸፈኛውን ለመሥራት ጫፉ ላይ ትንሽ ኮላ አስቀምጡና እያዞራችሁ አድርቁት። የመድፉን እግር፣ ወንበርና መንኮራኩር ከሽቦ ቁርጥራጭ ሥሩ። እዚህ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ፤ ተመልካች አጎንብሶ የሚያየው መድፍ ነው። ሰውዬውን አጠገቡ ማቆም አትርሱ።

ቀለም ከአጥር በፊት

ቀፎው፣ ቤቶቹ፣ መድፎቹና ጀልባዎቹ ለየብቻ ተቀብተው ከደረቁ በኋላ ነው የሚገጣጠሙት። ተገጣጥሞ የተቀባ መርከብ ጥግ ጥጉ ላይ ብሩሽ አይገባም።

የጦርነቷን መርከብ ከመረጣችሁ፣ በፓስፊክ በኩል ሁለት አቀባብ በብዛት ታገኛላችሁ። አንደኛው ቁጥር 21 ሲሆን ቁመቱ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ወለሉም ሰማያዊ። ሁለተኛው ቁጥር 22 ነው፤ ቀፎው ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ፈካ ያለ ግራጫ። በ1945 ደግሞ ሰማያዊነት የሌለው ግራጫ እየገባ መጣ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ሁለት ቀለም በአግድም ተለይቶ ከታየ መልሱ ወደ 22 ያዘነብላል። ለምጽዋዋ ኢትዮጵያ ግራጫ ቀለምና ነጭ ቁጥር፣ ኤ-01።

ቀለሙን ለጋራዥ ቀለም ቀማሚ አስቀምሙ። ቀማሚው ትክክለኛውን ሲያመጣላችሁ ጥቂት ነጭ አስጨምሩበት። ትንሽ ነገር ላይ የተቀባ ቀለም ከትልቁ ይልቅ ይጠቁራል። የመኪና ቀለም ተነር ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ርጩ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ርጩ። በክረምት ዝናብ ሊመጣ ሲል አትንኩት፤ እርጥበት ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ያስቀራል።

ዝገት ሲባል ሰው እጁ አያርፍም። ተዉት። የሚሠራ የጦር መርከብ ሠራተኞቹ ነጋ ጠባ ይቀቡታል። ከመልሕቁ ቀዳዳ ሥር አንድ ቀጭን ቡናማ ጭረት፣ ውሃ በሚወርድባቸው ቦታዎች ላይ ትንሽ፤ በቃ።

አጥር፣ ምሰሶ፣ ሽቦ

የወለሉ ዳር አጥር ቁመቱ 5 ሚሊ ነው፣ ሦስት መስመር ያለው። የመዳቡን ሽቦ አንዱን ጫፍ ሚስማር ላይ እሰሩ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ ትንሽ እስኪለጠጥ ጎትቱ። ከማስመሪያ የቀና ሽቦ ይሆናል። ካርቶን ላይ አጥሩን ሳሉ፣ ቋሚዎቹን በየ8 ሚሊው አስቀምጡ፣ አግድሞቹን ከላያቸው ወጥሩ፣ መገናኛውን በመርፌ ጫፍ በተነካ ሱፐር ግሉ ያዙ። ቀብታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቁረጡትና መርከቧ ላይ አቁሙ።

ለምሰሶው ማሰሪያ አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች የሚጠቀሙበት ቀጭኑ የመረብ ክር ይሆናል። ለአንቴናና ለምልክት ገመዶች ግን ይወፍራል። መፍትሔው ፀጉር ቤት ነው፤ ሹሩባ ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ ፀጉር። አንድ ዘለላ ከሚሊ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው፣ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሱፐር ግሉ ለጥፉ፤ ከላላ ደግሞ ነበልባሉ የጠፋ የዕጣን እንጨት ፍም ጠጋ አድርጉበት። ሳይነካው ራሱን ይወጥራል። ከነካው ይበጠሳል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ውጪ ሥሩ፣ አለዚያ የሠራችሁትን በክርናችሁ ታፈርሱታላችሁ።

ኦርካን ከሠራችሁ ባንዲራው ላይ ያለው ኮከብ 48 ነው፤ 50 አይደለም። አላስካና ሃዋይ የገቡት በ1959 ነው።

ሳጥኑ

የመስታወት ቤቶች በልካችሁ ይሠሩላችኋል። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 16 ሴንቲ ይበቃል፤ ከፍታው ከምሰሶው ጫፍ በላይ ሁለት ጣት ይተርፍ። ሞዴሉ ከመሠረቱ ጋር ከሥር በሁለት ብሎን ይታሰር። በማጣበቂያ ብቻ የቆመ መርከብ ባጃጅ ውስጥ አንድ ጉድጓድ አይችልም። መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት፤ ፀሐይ ቀለሙን ታነጣዋለች፣ የሹሩባውንም ገመድ ታላላዋለች።

መስታወቱን ከመግጠማችሁ በፊት ሞዴሉን አሽትቱ። ተነር ከሸተተ ገና አልደረቀም። ተዘግቶ ከቀረ ትነቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ የሱፐር ግሉ ጭስም ክብ መስኮቶቹ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አየር ያግኝ።